እድሩ ለታማሚም ይድረስ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

አዳማ ውስጥ የአንድ ሰፈር እድር ጸሐፊ ነኝ። የካንሰር ነገር ሲነሳ የሚወራው የመድኃኒቱ ዋጋ ብቻ ነው። ውድነቱን ማን ያጣዋል? ግን ቤት የሚያራቁተው ሌላውም ወጪ ነው፤ ትራንስፖርቱ፣ አልጋው፣ የአስታማሚው ምግብ፣ በዚያ ላይ አስታማሚው ከሥራ ሲቀር የሚቀረው ገቢ።

ጎረቤታችን ጉሊት ሽንኩርትና ቲማቲም ትሸጣለች። ኬሞ የሚባለውን የካንሰር መድኃኒት የምትወስደው በየ21 ቀኑ አዲስ አበባ ሄዳ ነው። ሌሊት ተነስታ ከልጇ ጋር ትሳፈራለች፣ ወረፋ ትይዛለች፣ ለምርመራ ደም ትሰጣለች፣ ከዚያ «ነጭ የደም ሴልሽ ወርዷል፣ የዛሬ ሳምንት ነይ» ትባላለች። ሐኪሞቹ ልክ ናቸው፣ ደሟ ሳያገግም ኬሞ መስጠት አደጋ አለው። የሁለት ሰው የደርሶ መልስ ሂሳብ ግን በከንቱ ሄደ፣ ጉሊቱም ያን ቀን አልተዘረጋም። ሐኪሟ ከተስማማ ምርመራው እዚሁ አዳማ ቀደም ብሎ ተሠርቶ ውጤቱ በስልክ ቢነገር ምን ነበረበት?

የጨረር ሕክምና ደግሞ ይብሳል። ብዙ ጊዜ በሳምንት 5 ቀን፣ ለሳምንታት የሚሰጥ ነው። ከአዳማ አዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ በየቀኑ ማን ይመላለሳል? ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ከክልል ለሚመጡ ታማሚዎች ማረፊያ አለው፤ የኛ ሰፈር ሰው ይህን የሚሰማው ብሩን ከጨረሰ በኋላ ነው። የጤና መድኑም ያው ነው። ደብተሩን ሳያሳድስ ወይም ሪፈር ሳያጽፍ የሄደ ከኪሱ ይከፍላል።

የእድራችንን መዝገብ የወጪ ገጽ ብታዩት ሳጥን፣ ድንኳን፣ ንፍሮ ነው። ሰውየው በሕይወት እያለ ያወጣንለት ሳንቲም የለም። የታማሚ ፎቶ የለጠፈ መኪና በድምፅ ማጉያ እየለመነ ሲያልፍ ግን እዚያው ቆመን ብር እንሰጣለን። ለኔ ይሄ ታማሚውን ማሳቀቅ ነው።

ከወርሃዊው መዋጮ ጥቂት እየተነሳ የአስታማሚ ሂሳብ ይከፈት ብዬ ጉባኤ ላይ ሐሳብ አቀረብኩ። አንድ አባት «ሁሉም ታመምኩ ቢልስ?» አሉ። ተገቢ ጥያቄ ነው። የሪፈር ወረቀትና የቀጠሮ ካርድ ያሳይ፣ ብሩም ለትራንስፖርትና ለአልጋ ብቻ ይሁን አልኩ። አልተስማማንም፣ ለሚቀጥለው ጉባኤ ተላለፈ። እስከዚያ ይህን የጀመረ እድር ካለ መተዳደሪያ ደንቡን እንዴት እንዳሻሻለ በዚሁ ጋዜጣ ቢጽፍልን ለሽማግሌዎቹ አነብላቸዋለሁ።

የእድር ጸሐፊ፣ ከአዳማ