ጀልባዋን ማን አሳነሳት?

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። የታሪክ መምህር ነኝ። ደብዳቤ ለመጻፍ የሚሆን ሰፊ ሰዓት የለኝም፣ ስለዚህ ሳላንዛዛ ወደ ጉዳዬ ልግባ። ክፍል ውስጥ ለውይይት ተብሎ የሚሰጥ አንድ መልመጃ አለ፤ እሱ እንዲቀር እፈልጋለሁ። ምክንያቴ ከእኛ ከመምህራን የዕለት ተዕለት ሥራ ጋር ስለሚያያዝ ትንሽ ረዘም አድርጌ አስረዳለሁ።

መልመጃውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። መርከብ ሰጥሟል። የነፍስ አድን ጀልባዋ የምትችለው ስድስት ሰው ነው፣ የተሳፈሩባት ግን አሥር ናቸው። ከዚያ ዝርዝር ይመጣል፦ ሐኪም፣ ነፍሰ ጡር፣ አዛውንት፣ ከእስር የተፈታ ሰው፣ አካል ጉዳተኛ ወጣት፣ ሳይንቲስት፣ ሥራ አጥ እያለ ይቀጥላል። አራቱን መርጣችሁ አውጡ፣ ምክንያታችሁንም ጻፉ ይላል። ተማሪዎች በጣም ይወዱታል። ክፍሉ ይሞቃል፣ ዓመቱን ሙሉ ትንፍሽ የማይል ልጅ ሳይቀር እጁን ያወጣል። ለመምህሩም ዝግጅት አይጠይቅም። ከጠዋት ጀምሮ ስትጮህ ውለህ፣ ድምፅህ ተዘግቶ፣ የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ላይ ስትደርስ እንዲህ ያለ ነገር እፎይ ያሰኛል። ይሄ ይገባኛል።

አንድ ቀን የባልደረባዬን ክፍል ለመታዘብ ገብቼ ከኋላ ተቀምጬ ሳለ ይህንኑ መልመጃ ሰጠ። ልጆቹ በቡድን ሆነው ተከራከሩ። ተወካዮቹ እየተነሱ ውሳኔያቸውን ሲያነቡ ሁሉም ቡድን መጀመሪያ ያወጣው ያንኑ አካል ጉዳተኛ ወጣት ነው። «መቅዘፍ ስለማይችል» አሉ። ከፊቴ፣ ሁለት ወንበር አለፍ ብሎ፣ ክራንቿን ግድግዳው ላይ ያስደገፈች ልጅ ነበረች። የእሷም ቡድን የወሰነው እንደዚያው ነው፤ የቡድኑ ጸሐፊ ደግሞ ራሷ ነበረች። «መቅዘፍ ስለማይችል» የሚለውን በእጇ፣ ቁልጭ ባለ ጽሕፈት ጽፋዋለች። ደወል ተደወለ፣ ወረቀቱ ተሰበሰበ፣ ልጆቹ እየተሳሳቁ ወጡ። ባልደረባዬ ተማሪዎቹን የሚወድ ትጉህ መምህር ነው። መልመጃው ግን ያችን ልጅ ምን እንዳስጻፋት አየሁ፣ ከዚያ ወዲህ ከአእምሮዬ ሊወጣ አልቻለም።

አንዳንዱ «ጨዋታ ነው፣ ምን አካበድከው» ይላል። ፈላስፎችም ይጠይቁታል ይላል። እውነት ነው፣ ይጠይቃሉ። እ.ኤ.አ. በ1967 እንግሊዛዊቷ ፈላስፋ ፊሊፓ ፉት ስለ አንድ መቆም ያቃተው ትራም ጽፋ ነበር፤ ሾፌሩ ካልጠመዘዘው አምስት ሠራተኞች ይሞታሉ፣ ከጠመዘዘው በሌላው ሐዲድ ላይ ያለው አንዱ ይሞታል። ግን ልብ በሉ፦ የፉት አምስት ሰዎችና አንዱ ሰው የሥራ ዝርዝር የላቸውም። ማን ሐኪም ነው፣ ማን ያነክሳል፣ ማን ታስሮ ያውቃል የሚል ነገር የለም። እሷ የምትመረምረው መግደልና ከመሞት አለማዳን አንድ ናቸው ወይ የሚለውን ነበር። እኛ ክፍል ውስጥ ይህን ትተን የሰውን የሕይወት ታሪክ እያነበብን ማርክ እንሰጣለን።

ነገሩ በጨዋታ እንደማይቀር ደግሞ ታሪክ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1960 በአሜሪካ ሲያትል ከተማ ሐኪሙ ቤልዲንግ ስክሪብነርና ባልደረቦቹ የኩላሊት እጥበት በተደጋጋሚ እንዲሰጥ የሚያስችል ቱቦ ሠሩ። እስከዚያ ድረስ ኩላሊቱ ለዘለቄታው ያቆመ ሰው መሞቱ በአብዛኛው የማይቀር ነበር። መዳኛ ተገኘ፣ ግን ማሽኑ ጥቂት፣ ታማሚው ብዙ ሆነ። ታዲያ እ.ኤ.አ. በ1962 ሰባት አባላት ያሉት ኮሚቴ ማን ማሽን እንደሚያገኝ ይወስን ነበር። ቄስ አለበት፣ የሕግ ባለሙያ አለበት፣ የባንክ ሰው፣ የቤት እመቤት፣ የሠራተኛ ማኅበር መሪ፣ የመንግሥት ሠራተኛና የቀዶ ሕክምና ሐኪም አለበት። ምን ያዩ ነበር? ዕድሜ፣ ትዳር፣ የልጆች ብዛት፣ ገቢ፣ ትምህርት፣ ሥራ፣ ቤተ ክርስቲያን መሄድ አለመሄድ ሳይቀር። ልክ የእኛ የጀልባ ወረቀት ነው። ክፉ ሰዎች አልነበሩም፣ ያለ ክፍያ የተቀመጡ ዜጎች ነበሩ፣ ግን እነሱን የሚመስለውን ሰው ያስቀድማሉ ብሎ ያኔውኑ ብዙ ሰው ተችቷል። ታዲያ ጥያቄው እንዴት ተፈታ? የተሻለ መመዘኛ በማውጣት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1972 የአሜሪካ ምክር ቤት ወጪውን መንግሥት እንዲሸፍን ሕግ አወጣ፣ ማሽኑ በዛ፣ ኮሚቴውም የሚመርጠው ነገር ቀረ። ከአሥር ዓመት በኋላ መሆኑ ያሳዝናል፤ በመሃል ስንቱ አለፈ።

ተማሪዎቼን የማስተምረው ይህንን ነው። ታይታኒክንም አሳያቸዋለሁ፣ ሁሉም ስለሚያውቀው። እ.ኤ.አ. በ1912 መርከቧ ላይ ወደ 2,200 ሰው ነበር፤ 20 ጀልባዎቿ ቢሞሉ እንኳ የሚይዙት 1,178 ሰው ነው። ይህ ደግሞ ሕግ መጣስ አልነበረም! የእንግሊዝ ደንብ ከ10,000 ቶን በላይ ለሆነ መርከብ 16 ጀልባ ይበቃል የሚል ነበር፣ ታይታኒክ 46,000 ቶን ገደማ ብትሆንም ደንቡን ያሻሻለው አልነበረም። እንኳን ሊያንስ፣ ከተጠየቀው በላይ ይዛለች። መጀመሪያ የወረደችው ጀልባ 65 ሰው መያዝ ስትችል 30 እንኳ ሳትሞላ ሄደች። «ሴቶችና ሕፃናት ይቅደሙ» ሲባል የምንሰማው እኩል የደረሰ ይመስለናል፣ ግን ከአንደኛና ከሁለተኛ ማዕረግ ሕፃናት የሞተው አንድ ብቻ ሲሆን ከሦስተኛ ማዕረግ ሕፃናት ከግማሽ በላይ አልቀዋል። ይህን የሰማ ተማሪ «ማን ይውጣ» የሚለውን ጥያቄ ረስቶ «ጀልባው ለምን አነሰ፣ የታችኛው ፎቅ ሰው ለምን አልደረሰም» ማለት ይጀምራል። ከሁለት ዓመት በኋላ የወጣው ዓለም አቀፍ ስምምነትም ለተሳፋሪ ሁሉ በቂ ጀልባ ይኑር አለ። ይኸው ነው መልሱ፣ ዘግይቶ ቢመጣም።

አሁን ወደ እኛ ሥራ ልምጣ፤ የሚቆረቁረኝ እሱ ነውና።

መምህር ማንን ላድን ብሎ የሚጠይቀው ባሕር ላይ ሆኖ አይደለም። ቁጭ ብላችሁ አስሉት። ሃምሳ ተማሪ ባለበት ክፍል የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ለአንድ ልጅ አንድ ደቂቃ እንኳ አያደርስም። አምስት እንዲህ ያለ ክፍል የሚያስተምር ሰው 250 ወረቀት ያርማል፤ ለአንዱ ሦስት ደቂቃ ብቻ ቢሰጥ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፣ ያውም ለአንድ ፈተና። በዚያ ላይ የትምህርት ዕቅድ፣ ስብሰባ፣ ሪፖርት፣ የማርክ ሊስት፣ ወላጅ ማነጋገር። ይህ ሁሉ አልፎ ከትምህርት በኋላ የምትተርፍህ ሃያ ደቂቃ ነች። እሷን ለማን ትሰጣለህ?

አንዱ ልጅ ዓረፍተ ነገር በጣቱ እየተከተለ እንኳ አንብቦ አይጨርስም፤ ጥያቄው ሳይገባው ቀርቶ ነው እንጂ መልሱ ጠፍቶት አይደለም የሚወድቀው። ሌላዋ ለማለፊያ ነጥብ ጥቂት ማርክ ይጎድላታል፤ ትንሽ ቢገፏት ታልፋለች። ሦስተኛው ጎበዝ ነው፣ የሚያስተምረው አጥቶ በመስኮት ውጪ ውጪውን ያያል። ሦስቱም የእኔ ልጆች ናቸው። ትምህርት ቤቱ የሚጠየቀው በማለፍ መጠን ስለሆነ የሚሰጠው ምክር ግልጽ ነው፦ «ጫፍ ላይ ያሉትን ያዟቸው።» በስብሰባ እንዲህ ሲባል ሰምቻለሁ፣ እናንተም መምህራን ከሆናችሁ ሰምታችኋል።

ይህ የአንድ ትምህርት ቤት ጣጣ ቢሆን ባልጻፍኩ። እ.ኤ.አ. በ2000 በእንግሊዝ፣ በ2005 ደግሞ በአሜሪካ ቴክሳስ የወጡ ጥናቶች ይህንኑ አሳይተዋል፤ ትምህርት ቤቶች በፈተና ውጤት ሲመዘኑ ተማሪውን በሦስት ይከፍሉታል፦ አያሰጋም፣ ማዳን ይቻላል፣ ተስፋ የለውም። ጊዜውና ማጠናከሪያው ለመሃለኞቹ ይሄዳል። ተመራማሪዎቹ ይህን አከፋፈል «ትሪያዥ» ይሉታል፤ ስሙን የወሰዱት ከጦር ሜዳ ሕክምና፣ ቁስለኛን ለይቶ ተራ ከማስያዝ ነው።

እኔ የምቃወመው እዚህ ጋ ነው። የናፖሊዮን ጦር ሐኪም የነበረው ላሬ ቁስለኛን የሚለየው በማዕረጉም በወገኑም አልነበረም፤ ቁስሉ የከፋውን ያስቀድም ነበር። አደጋ ላይ የሚሠሩ ሐኪሞች አንዳንዴ «ይሄኛው አይተርፍም» ብለው ማለፋቸው እውነት ነው፣ ሸክሙንም ዕድሜ ልካቸውን ይሸከሙታል። ግን እነሱ አይተርፍም የሚሉት የሰውየውን ደም፣ ትንፋሽ አይተው ነው። እኛ ልጁን ተስፋ የለውም የምንለው ምን አይተን ነው? የፈተናውን ቀን አይተን። ፈተናው ከስድስት ሳምንት በኋላ ስለሆነ ብቻ! ማንበብ ያቃተው ልጅ በስድስት ሳምንት ላይደርስ ይችላል፣ በአንድ ዓመት ግን ይደርሳል፤ ልጁ ውስጥ የሞተ ነገር የለም። ቀኑን ያወጣው ሰው ነው፣ ሰው ያወጣውን ቀን እንደ ሞት ቆጥረን ልጅ አንጥልበት።

«እሺ፣ ታዲያ አንዱን ለማዳን ሦስቱን ታስወድቃለህ ወይ?» ያለኝ አለ፣ ስታፍ ውስጥ ሻይ ይዘን ስንከራከር። ከባድ ጥያቄ ነው። ቁጥሩን ችላ ማለት አልችልም፣ ጫፍ ላይ ያለችውም ልጅ ብትወድቅ ጉዳቱ እውነተኛ ነው። አሁን የማደርገው ይሄ ነው፦ ቀኖቹን በተራ ከፍያቸዋለሁ፣ የመጀመሪያው ቀን ማንበብ ለሚቸግራቸው ነው፣ እሱ ቀን ስብሰባ ቢመጣም አይነካም። ተራውን ለልጆቹ በግልጽ ነግሬያቸዋለሁ። ጎበዙ ልጅ ደግሞ ለጫፎቹ እንዲያስረዳ ጠይቄው ተስማምቷል፣ እሱም ሲያስረዳ ነው ይበልጥ የገባው። ይበቃል ወይ? አይበቃም። ሁልጊዜ ሳይደርሰው የሚቀር ልጅ አለ፣ በተለይ የማያስቸግረው፣ ዝም ብሎ የሚቀመጠው፤ ስሙን ለማስታወስ እንኳ ጊዜ የሚፈጅብን ልጅ። ቢያንስ ግን ማን እንደቀረ አውቀዋለሁ።

ማሽንም ይህን ጥያቄ እየተጠየቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ኤም አይ ቲ የተባለው የአሜሪካ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ሾፌር አልባ መኪና ማንን ይግጭ ብሎ በኢንተርኔት ሕዝብ ሲጠይቅ 40 ሚሊዮን ገደማ ውሳኔ ከ233 አገሮችና ግዛቶች ሰበሰበ። በ2018 በወጣው ውጤት ሰው ከአዛውንት ይልቅ ወጣቱን፣ ቤት ከሌለው ሰው ይልቅ የሥራ አስፈጻሚውን የማትረፍ ዝንባሌ ታይቶበታል። የጀርመን የሥነ ምግባር ኮሚሽን ግን በ2017 አደጋ የማይቀር ሲሆን ሰውን በዕድሜ፣ በፆታ፣ በአካልና በአእምሮ ሁኔታ መለየት ክልክል ነው ብሎ ነበር። እኔ ከኮሚሽኑ ጋር ነኝ። ዛሬ «መቅዘፍ ስለማይችል» ብለው እንዲጽፉ የምናደርጋቸው ልጆች፣ ክራንች የያዘችውም ጭምር፣ ነገ ይህን ማሽን የሚሠሩት ናቸውና።

ስለዚህ ሁለት ነገር እለምናለሁ። የትምህርት መሣሪያ የምታዘጋጁ ሰዎች፣ የጀልባውን ወረቀት አውጡልን፤ በምትኩ የታይታኒክን ቁጥሮች ስጡና ልጆቹ ጀልባ ይጨምሩ። ርዕሰ መምህራን ደግሞ ከሪፖርቱና ከስብሰባው አንዱን ቀንሳችሁ ለእያንዳንዱ መምህር በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ነፃ አድርጉለት፣ ለሌላ ሥራ የማይነካ፣ ለማንበብ ለሚቸገሩት ብቻ የሚውል። ሌሎች መምህራን ሃያ ደቂቃቸውን እንዴት እንደሚያካፍሉ ቢጽፉና ጋዜጣችሁ ቢያወጣው በበኩሌ እቀዳለሁ። በተለይ ያንን ዝም የሚለውን ልጅ በምን መንገድ እንደምትደርሱበት ንገሩኝ።

አክባሪያችሁ፣
የታሪክ መምህር