ሽንት ሳይመረመር መድኃኒት አይጀመር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

«ብርድ መቶኛል፣ ሽንቴን ያቃጥለኛል፤ እስቲ አራት ፍሬ ሲፕሮ ስጡኝ።» ከአዘዞ እስከ ቅዳሜ ገበያ በጎንደር መድኃኒት መደብሮች ይህን ያልሰማ ባለሙያ የለም። ገዢዋ ሲፕሮ የተባለውን አንቲባዮቲክ አራት ፍሬ ይዛ ትሄዳለች፤ በሁለተኛው ቀን ሲሻላት የተረፈውን ለሌላ ጊዜ ታስቀምጣለች ወይም ለጎረቤት ትሰጣለች። ሳምንታት ሳይቆዩ ማቃጠሉ ይመለሳል። ያን ጊዜ ቅጠል ይቀጠቀጣል፣ ሥር ይዘፈዘፋል። ያም አልሆን ሲል እየተንቀጠቀጠች ጎኗን ደግፋ ሐኪም ቤት ትመጣለች። እኛ በላብራቶሪና በፋርማሲ የምንሠራ ሰዎች አንባቢን የምንለምነው አንድ ነገር ነው፤ የመጀመሪያው ፍሬ ከመዋጡ በፊት ሽንት ይሰጥ።

በመጀመሪያ ስለ «ብርድ»። ሲሚንቶ ላይ መቀመጥና እርጥብ ልብስ ሽንት ያመላልስ እንደሆነ እንጂ ኢንፌክሽን አይፈጥርም። አብዛኛውን የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን የሚያመጣው በሁላችንም አንጀት ውስጥ የሚኖረው ኢ ኮላይ የተባለ ባክቴሪያ ነው። ከፊንጢጣ አካባቢ ወደ ሽንት መውጫው ይሻገርና ወደ ፊኛ ይወጣል። የሴት የሽንት ቧንቧ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን የወንድ ወደ 20 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። በሽታው በሴቶች ላይ የሚበዛው በዋናነት በዚህ ምክንያት ስለሆነ «ንጽሕና ጎድሏት ነው» እያሉ ማሸማቀቅ ተገቢ አይደለም። እንዲያውም ውስጥ ድረስ በሳሙና፣ በሎሚ ወይም በኮምጣጤ መታጠብ የአካባቢውን ጠቃሚ ባክቴሪያ ገድሎ ለኢ ኮላይ መንገድ ይጠርጋል። በውኃ ብቻ ከውጭ መታጠብ፣ ከተጸዳዱ በኋላም ከፊት ወደ ኋላ መጥረግ ይበቃል።

በሽታው ፊኛ ላይ ከሆነ ሽንት ያቃጥላል፣ ቶሎ ቶሎ ይመጣል፣ ጥቂት ብቻ ይወርዳል፣ ከእንብርት በታች ያማል፤ ትኩሳት ግን አብዛኛውን ጊዜ የለም። ወደ ኩላሊት ሲወጣ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ማስመለስ፣ ከጎድን አጥንት በታች በአንድ ወገን የሚሰማ ሕመም ይጨመራል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው «ታይፎይድና ታይፈስ ነው» በሚል ነው። ዊዳል የሚባለው የደም ምርመራ ቀደም ባለ ጊዜ በታይፎይድ በተያዘ ወይም በተከተበ ሰው ላይም ፖዘቲቭ ሊል ይችላል። ጎን እያመመ የሚያተኩሰውን ሰው በዚያ ወረቀት ብቻ ማከም ኩላሊቱን ለአደጋ ማጋለጥ ነው። ሽንቱም ይታይ።

አሁን ወደ ብልቃጧ እንምጣ፤ ብዙው ነገር የሚበላሸው እዚያ ነው። ዕቃው ከላብራቶሪ የሚሰጠው ንጹሕ ባለ ክዳን ብልቃጥ ይሁን፤ የሽሮፕ ወይም የጁስ ጠርሙስ ታጥቦም አይሆንም። ለካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያውን አብቅሎ ለማየት ለሚደረገው ምርመራ፣ የሚሻለው የጠዋቱ የመጀመሪያ ሽንት ነው፤ ካልሆነም ቢያንስ 4 ሰዓት ፊኛ ውስጥ የቆየ። ሽንት እንዲመጣ ብሎ ሁለት ሊትር ውኃ መጠጣት ሽንቱን ያቀጥነውና ባክቴሪያው እንዳይታይ ያደርጋል። እጅ በሳሙና ይታጠባል። ሴት የብልቷን ከንፈሮች በሁለት ጣት ከፍታ በንጹሕ ውኃ በራሰ ጋዝ (ስስ የቁስል ጨርቅ) ከፊት ወደ ኋላ ትጠርጋለች፤ ያልተገረዘ ወንድ የብልቱን ጫፍ ቆዳ ወደ ኋላ ስቦ ይታጠባል። የመጀመሪያው ሽንት ወደ መጸዳጃው ይፍሰስ፤ ሳይቋረጥ ብልቃጧን አስገብቶ እስከ ግማሽ፣ ማለትም ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሊትር መቀበል፣ የቀረውን እንደገና ወደ መጸዳጃው መልቀቅ ነው። የብልቃጧንና የክዳኑን ውስጥ ጣት አይንካው። ወር አበባ ላይ ያለች ሴት ለባለሙያው ትናገር።

ከዚያ ጊዜው ነው። ባክቴሪያ በተመቸው ሙቀት በ20 ደቂቃ ገደማ እጥፍ ይሆናል። በአንድ ሚሊ ሊትር 1,000 የነበረው ሰባት ጊዜ ቢባዛ 128,000 ነው፤ ይህም ከሁለት ሰዓት ተኩል ያነሰ ጊዜ ይበቃዋል። ከቤት ተቀድቶ በቦርሳ ውስጥ በሚኒባስ የዞረ ሽንት ጤነኛዋን ሴት በወረቀት ላይ ታማሚ ያደርጋታል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ይድረስ፤ ካልተቻለ ፍሪጅ ውስጥ በ4 ዲግሪ እስከ 24 ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ውጤቱ ላይ «ኤፒተልየም ሴል ብዙ» የሚል ከተጻፈ ቆዳ የነካ ሽንት ነው ማለት ስለሆነ እንደገና መስጠት ይሻላል።

ካልቸር ማለት ይኸው ነው። 0.001 ሚሊ ሊትር ብቻ በምትይዝ ቀለበት ሽንቱ ተነክሮ በማብቀያ ሳህን ላይ ይሰመራል፤ ከ35 እስከ 37 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ ከ18 እስከ 24 ሰዓት ያድራል። በማግሥቱ ሳህኑ ላይ የበቀሉት ነጠብጣቦች ይቆጠራሉ፤ ኢ ኮላይ ማኮንኪ በተባለው ማብቀያ ላይ ሮዝ ሆኖ ይወጣል። 100 ነጠብጣብ ከተቆጠረ በአንድ ሚሊ ሊትር 100,000 ባክቴሪያ አለ ማለት ነው። ሦስትና ከዚያ በላይ ዓይነት ተደባልቆ ከበቀለ ብዙውን ጊዜ አቀባበሉ ተበላሽቷል። ቀጥሎ ባክቴሪያው በሌላ ሳህን ላይ ተቀብቶ መድኃኒት የያዙ ትናንሽ ክብ ወረቀቶች ይቀመጡበታል፤ የሚገድለው መድኃኒት በዙሪያው ባዶ ቀለበት ይሠራል፣ ቀለበቱም በሚሊ ሜትር ይለካል። የማይገድለው ወረቀት ግን ጠርዙ ድረስ በባክቴሪያ ተከቦ ይታያል። ሙሉ ውጤቱ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይፈጃል። ሐኪሙ ሕመሙን አይቶ እስከዚያው መድኃኒት ሊያስጀምር ይችላል፤ ሽንቱ ግን አስቀድሞ ይወሰዳል። ሁለት ፍሬ ሲፕሮ ውጦ የመጣ ሰው ሳህን ባዶ ሊሆን ይችላል፤ በሽታው ግን አልጠፋም።

አሞክሲሲሊን በብዙ ቤት መሳቢያ ውስጥ ይገኛል። እዚሁ ጎንደር በተለያየ ጊዜ የተሠሩ ጥናቶች አምፒሲሊንና አሞክሲሲሊንን የመሰሉ ቤተሰቦቹ የሽንት ኢ ኮላይን አብዛኛውን ጊዜ እንደማይገድሉ ደጋግመው አሳይተዋል። ሲፕሮንም በግማሽ ኮርስ እያደከምነው ነው። ያልተወሳሰበ የፊኛ ኢንፌክሽን ላለባት ሴት ናይትሮፉራንቶይን ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ብዙ ጊዜ ለ5 ቀን ይሰጣል። በቀን ሁለት ጊዜም አራት ጊዜም የሚወሰድ ዓይነት ስላለ ማሸጊያው በደንብ ይነበብ። ከምግብ ጋር ይወሰዳል፤ ሽንትን ወደ ጥቁር ቢጫ ቢለውጠው አያስደነግጥ። ነገር ግን ፊኛ ውስጥ እንጂ በኩላሊት ሥጋ ውስጥ ስለማይበረታ ትኩሳትና የጎን ሕመም ላለበት ሰው አይሆንም፤ ኩላሊቱ ለደከመና ለመውለድ ለተቃረበችም አይታዘዝም። ሲፕሮ የታዘዘለት ሰው ደግሞ ከወተት፣ ከብረት ክኒንና ጨጓራ ከሚያስታግስ ፈሳሽ ጋር አብሮ ከወሰደው አንጀቱ ውስጥ ተይዞ ይቀራል፤ ከእነሱ 2 ሰዓት ቀድሞ ወይም 6 ሰዓት ቆይቶ ይዋጥ። ወንድ ሽንቱ ሲያቃጥለው ፈሳሽም ካለው ጨብጥ ሊሆን ስለሚችል ሕክምናው የተለየ ነው፤ ጓደኛውም አብራ ካልታከመች ተመልሶ ይይዘዋል።

ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ምንም ሳያማት ሽንቷ ውስጥ ባክቴሪያ ከተገኘ ትታከም፤ ካልታከሙት ከ100 ሴቶች እስከ 30 የሚደርሱት ኩላሊታቸው ሊያዝ ይችላል፣ ያለጊዜ መውለድም ሊከተል ይችላል። በመጀመሪያው የእርግዝና ክትትል ሽንት የሚመረመረው ለዚህ ነው። ሕመም በሌለባቸው አረጋውያንና የስኳር ሕሙማን ግን ባክቴሪያ ተገኘ ብሎ አንቲባዮቲክ መስጠት በአብዛኛው ጥቅም የለውም።

ወደ ባህሉ መድኃኒት ስንመጣ፣ በጅምላ የምናጥላላ ሰዎች አይደለንም። የገብስ ውኃ ደግ ነገር ነው፤ አንድ እፍኝ የታጠበ ገብስ በ2 ሊትር ውኃ ተቀቅሎ ወደ አንድ ሊትር ተኩል ሲወርድ ተጠልሎ ያለ ጨው በዚያው ቀን ይጠጣል። ባክቴሪያ አይገድልም፤ ሽንትን አብዝቶ ፊኛን ያጥባል፣ ማቃጠሉንም ያቀልላል። የበቆሎ ፀጉር ፈልቶ ሲጠጣ ሥራው ተመሳሳይ ነው። ተቆልቶ የተወቀጠ ተልባም እንዲሁ፤ ልዝግዝግ ፈሳሹ ግን ክኒኑን ስለሚይዘው ከመድኃኒት 2 ሰዓት ይራቅ። አብሽ የደም ስኳር ስለሚቀንስ የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ይጠንቀቅ። በጨርቅ የተጠቀለለ የሞቀ ውኃ ጠርሙስ ከእንብርት በታች ማድረግ ሕመሙን ያስታግሳል፤ ይህን እናቶቻችን በትክክል ያውቁታል። ጠበል ለሚጠጣም ሰው የምንለው መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ይጠጣ ነው፤ ኩላሊቱ ወይም ልቡ ስለደከመ ውኃ የተመጠነለት ግን መጠኑን ለነፍስ አባቱ ይንገር። በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳይቀምስ የሚውል የኩላሊት ጠጠር የወጣለት ሰውም እንዲሁ ቢያማክር መልካም ነው።

ጤና አዳም በቡና ላይ አንድ ዘለላ ጣል ማድረግ ሌላ፣ ጨምቆ በብርጭቆ መጠጣት ሌላ ነው፤ ጭማቂው ማሕፀንን ያኮማትራል፣ ለነፍሰ ጡር አደገኛ ነው። በወይባ ጢስ ላይ ተቀምጦ ሽንት ማቃጠልን ማከምም የተቆጣውን አካል የባሰ ያቃጥለዋል። እንዶድ ጨርሶ አይጠጣ። ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ልብስ በእንዶድ በሚታጠብበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው በቀንድ አውጣ የሚተላለፈው የብልሃርዚያ ትል መከላከያ አድርገው ያጠኑት ይህንኑ ተክል ነው፤ ቀንድ አውጣውን የገደለው ነገር በሰው ሆድ ውስጥም ጨጓራና አንጀትን ይጎዳል። ብልሃርዚያ ከተነሣ፣ በጣና ዙሪያ ያለው ዓይነት አንጀትን የሚይዝ ነው። ፊኛን የሚያደማው በታችኛው አዋሽና በአንዳንድ ጠረፍ ቆላዎች ይገኛል። ስለዚህ የጎንደር ሰው ቀይ ስር ሳይበላ ሽንቱ ቢቀላ፣ በተለይ ዕድሜው ከ40 ያለፈና ሕመም የሌለው ከሆነ፣ «ብልሃርዚያ ነው» ብሎ መተው የለበትም፤ የፊኛ ካንሰር አንዳንዴ የሚጀምረው እንዲህ ዝም ብሎ ነው።

የኩላሊት ጠጠር በእንጀራ ውስጥ ከገባ አሸዋ አይመጣም፤ በወፈረ ሽንት ውስጥ ጨዋማ ነገሮች ረግተው የሚሠሩት ነው። ወደ መተማና ሑመራ ለሰሊጥ ሥራ የሚወርዱ ጎልማሶች ቀኑን ሙሉ በላብ ውኃቸውን ጨርሰው ሽንታቸው እንደ ሻይ ሲጠቁር ጠጠሩ መሠራት ይጀምራል። ከ5 ሚሊ ሜትር በታች የሆነ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይወጣል፤ ከ10 በላይ የሆነ እምብዛም። ሽንት በቀን ከ2 እስከ 2.5 ሊትር እንዲሆን መጠጣት፣ ጨው መቀነስ፣ ሎሚ በውኃ ማዘውተር ይጠቅማል። ወተት መተው ግን ስሕተት ነው፤ ካልሲየሙ አንጀት ውስጥ ለጠጠር መሥሪያ የሚሆነውን ኦክሳሌት የተባለ ነገር ይዞ ያስወጣል። ሽንትን በጋዝ አጥልሎ የወጣውን ጠጠር ለሐኪም ማምጣት ዓይነቱን ለማወቅ ይረዳል። «ቢራ ጠጠር ያወጣል» የሚባለው መጀመሪያ ሽንት ስለሚያበዛ ነው፤ በኋላ ግን ሰውነትን ያደርቃል። ጠጠር ከትኩሳት ጋር ከመጣ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ነው።

ከሁሉ የሚያሳዝነን ሽንት እምቢ ያላቸው አባቶች ነገር ነው። ፕሮስቴት የተባለው ከፊኛ ሥር ያለ የወንድ ዕጢ አድጎ መንገዱን ሲዘጋ ፊኛ ከአንድ ሊትር በላይ ሊይዝና ከእንብርት በታች እንደ ኳስ ሊወጠር ይችላል። ቤተሰብ በመልካም ልብ «ይለቀቅለት» ብሎ ተልባ፣ የበቆሎ ፀጉር፣ ቢራ ያጠጣዋል። የተዘጋ ቧንቧ ላይ ውኃ መጨመር ነው፤ ግፊቱ ወደ ኩላሊት ይመለሳል። የሚጠጣ ነገር ይቁም፤ በዚያው ሰዓት ካቴተር (ሽንት የሚያስወጣ ቀጭን ቱቦ) ወደሚገባበት ቦታ ይወሰድ። ካቴተር ይዞ ቤት የተመለሰ ሰው ከረጢቱ ሁልጊዜ ከፊኛው በታች ይሁን፣ መሬት አይንካ፣ ሁለት ሦስተኛው ሲሞላ ይደፋ።

ቀኑን ሙሉ ጉልት ላይ የሚውሉ እናቶች መጸዳጃ ስለሌለ ውኃ አይጠጡም፣ ሽንትም ይይዛሉ። ገበያ ሲሠራ ውኃ ያለው፣ የሚቆለፍ የሴቶች መጸዳጃ አብሮ ካልታቀደ እኛ የምንጽፈው ምክር ለእነሱ ከንቱ ነው። የሚመለከታቸው ሁሉ ይህን እንደ ጤና ጉዳይ ይያዙት። መድኃኒት ቤቶችም አንቲባዮቲክ ያለ ማዘዣ እንዳይሸጥ ሕጉ የሚለውን ያክብሩ።

ለሐኪም ስትቀርቡ ባለፉት ሳምንታት የዋጣችሁትን መድኃኒት ማሸጊያ፣ የጠጣችሁትንም ቅጠል ወይም ሥር ቆንጥራችሁ አምጡ። ማንም አይቆጣችሁም፤ የሚታዘዘው መድኃኒት በዚያ ላይ ይወሰናል።

የላብራቶሪና የፋርማሲ ባለሙያዎች
ጎንደር