የሞላሰሱ ኤታኖል ቅድሚያ ለማድቤት ይሁን፦ ለውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ የውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ከስኳር ፋብሪካዎች ተረፈ ምርት የሚገኘው ኤታኖል በቅድሚያ ለምግብ ማብሰያ እንዲመደብ ስለመጠየቅ

ክቡር ሚኒስትር፣

እ.ኤ.አ. በ2007 የባዮፊውል ልማትና አጠቃቀም ስትራቴጂ ሲወጣ፣ ከሞላሰስ፣ ማለትም ስኳር ሲመረት ከሚቀረው ወፍራም ጥቁር ፈሳሽ፣ ለሚገኘው ኤታኖል የተባለ የአልኮል ነዳጅ ሁለት ሥራ ታስቦለት ነበር፤ አንዱ ከቤንዚን ጋር ተደባልቆ መኪና ማንቀሳቀስ፣ ሌላው በየቤቱ ከሰልንና ነጭ ጋዝን መተካት። የመጀመሪያው በ2008 በአዲስ አበባ 5 በመቶ በማደባለቅ ተጀምሮ በ2011 ወደ 10 በመቶ ከፍ ብሏል። ሁለተኛው ግን ከሙከራ ምድጃዎችና ከስደተኛ መጠለያዎች ብዙም ሳይርቅ ቀረ። ይህ ቅደም ተከተል አሁን መገልበጥ አለበት ብዬ ስለማምን፣ በኬሚካል ምህንድስና ሙያ እንደተሰማራ አንድ ዜጋ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

ምክንያቴ በከፊል ከራሱ ከመንግሥት ፖሊሲ የሚነሳ ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል፤ በኤሌክትሪክ የሚሠሩት በከተማው መንገድ ላይ በየዕለቱ እየበዙ ነው። መኪናው ቤንዚንን እንዲሰናበት እየገፋን ውስን የሆነውን ኤታኖላችንን ለቤንዚን ማቅጠኛ ማዋል እርስ በርሱ የሚጋጭ አካሄድ ይመስለኛል። በአንጻሩ በአብዛኛው የአገሪቱ ቤት ወጥ የሚሠራው ዛሬም በእንጨትና በከሰል ነው፤ ወደ አዲስ አበባ የሚገባው ከሰልም ከስምጥ ሸለቆ ግራር አንስቶ በአዊ ዞን ገበሬው ለገበያ ብሎ እስከሚተክለው ዲከረንስ የተባለ ዛፍ ድረስ ከብዙ አቅጣጫ ይመጣል።

ስሌቱን በአጭሩ ላቅርብ። ከሚፈጨው መቶ ቶን ሸንኮራ አገዳ ሠላሳ ቶን ያህል ባጋስ (የተጨመቀው አገዳ ገለባ)፣ ከሦስት እስከ አራት ቶን የሚሆን ደግሞ ሞላሰስ ይቀራል። ባጋሱን ፋብሪካዎቹ በቦይለር አንድደው እንፋሎትና ኤሌክትሪክ ስለሚያመርቱበት በአብዛኛው ሥራ አላጣም። አከራካሪው ሞላሰሱ ነው። ከአንድ ቶን ሞላሰስ 250 ሊትር ገደማ ኤታኖል ይገኛል፤ በአንድ ሊትር ኤታኖል ውስጥ ያለው ኃይል ደግሞ 21 ሜጋጁል ያህል፣ ማለትም ከቤንዚኑ ሁለት ሦስተኛ ነው። ስለዚህ አንድ ሊትር ኤታኖል በመኪና ሲቃጠል የሚተካው አንድ ሊትር ሙሉ ቤንዚን አይደለም። በደንብ በተሠራ የኤታኖል ምድጃ ላይ ግን ከኃይሉ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ድስቱ ዘንድ ይደርሳል፤ በተለመደው የከሰል ማንደጃ የሚደርሰው አንድ አምስተኛ ቢሆን ነው። እንደ እኔ ግምት አንድ ሊትር ኤታኖል የሁለት ኪሎ ከሰል ሥራ ይሠራል። አንድ ኪሎ ከሰል በባህላዊው የአፈር ጉድጓድ ለማክሰል ከአምስት ኪሎ የማያንስ፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ የሚበልጥ እንጨት ስለሚጠይቅ፣ እያንዳንዱ ሊትር አሥር ኪሎና ከዚያ በላይ እንጨት ያድናል ማለት ነው። ጢሱንና የከሰሉን ጋዝ የምትተነፍሰውን እናት ጤና በዚህ ስሌት ውስጥ አላስገባሁትም።

የፊንጫአና የመተሐራ የኤታኖል ፋብሪካዎች በሙሉ አቅማቸው ቢሠሩ በዓመት ከ30 ሚሊዮን ሊትር በላይ እንደሚያመርቱ ሲነገር ቆይቷል። አንድ ቤተሰብ በቀን አንድ ሊትር ቢጠቀም ይህ መጠን ከሰማንያ ሺህ በላይ ቤተሰብን ዓመቱን ሙሉ ያበስልለታል። አዲስ አበባን እንኳ እንደማይሸፍን አውቃለሁ፤ መላ አገሪቱን ከከሰል ያወጣል ብዬም አልከራከርም። ሆኖም ያው ኤታኖል ለቤንዚን ድብልቅ ሲውል የሚያስቀረው የቤንዚን ግዢ ከ20 ሚሊዮን ሊትር ብዙም አይበልጥም። የውጭ ምንዛሪ ቁጠባው ቀላል ነው አልልም፤ ነገር ግን የደኑ፣ የጤናውና የቤተሰቡ ወጪ ከጎኑ ሲቀመጥ ሚዛኑ ወደ ማድቤቱ ያጋድላል።

ሥራው አልተሞከረም የሚል ካለ፣ በሶማሌ ክልል በቀብሪበያህ የስደተኞች መጠለያ በተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን ድጋፍ የኤታኖል ምድጃ ለብዙ ቤተሰብ ታድሎ ነበር። ሴቶች እንጨት ፍለጋ ሲወጡ ይገጥማቸው የነበረው ጥቃትና ከአካባቢው ነዋሪ ጋር ይነሳ የነበረው ጠብ ለዚያ ሥራ አንዱ መነሻ ነበር። የምድጃው ነዳጅ መያዣ ፈሳሹን በውስጡ ባለው ቃጫ መሰል ነገር መጥጦ ስለሚይዝ ቢገለበጥም አይፈስም፤ በነጭ ጋዝ ምድጃ ስንት ቤት እንደተቃጠለ ለሚያስታውስ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ችግሩ ምድጃው ላይ ሳይሆን አቅርቦቱ ላይ ነው። ኤታኖሉ ዛሬ ለድብልቅ፣ ነገ ለሌላ እየተባለ በሚመደብበት ገበያ ማንም ነጋዴ ጠርሙስና ማከፋፈያ አዘጋጅቶ ደንበኛ አያፈራም፤ አንዲት የቤት እመቤትም ነዳጁ በሚቀጥለው ወር ስለመኖሩ ሳታውቅ ምድጃ አትገዛም።

ኤሌክትሪክ እያለ ኤታኖል ምን ያደርጋል የሚል መልስ ሊሰጠኝ እንደሚችል እገምታለሁ። የታላቁ ህዳሴ ግድብ ከተመረቀ ወዲህ ጥያቄው የበለጠ ተገቢ ሆኗል፤ የረጅም ጊዜው መንገድ ኤሌክትሪክ መሆኑንም አልክድም። ነገር ግን በአንድ ቆጣሪ አምስትና ስድስት ተከራይ የሚጠቀምበት ግቢ ውስጥ ምድጃ መሰካት ከአከራይ ጋር መጣላት ነው፤ ታሪፉም እየጨመረ፣ መብራቱም በማብሰያ ሰዓት እየጠፋ ነው። ከሰሉ ከቤት ያልወጣው ለዚህ ነው። ኤታኖሉም የሚጠቅመው በተለይ ለእነዚህ ቤቶች ነው።

ስለዚህ ሚኒስቴሩ ከኢትዮጵያ ስኳር ኢንዱስትሪ ግሩፕ ጋር ተነጋግሮ ከዓመታዊው የኤታኖል ምርት የታወቀ ድርሻ በቅድሚያ ለማብሰያ እንዲመደብና ድርሻው ቢያንስ ለአምስት ዓመት እንዳይነካ በውል እንዲያስር እጠይቃለሁ። የማብሰያ ኤታኖል እንዳይጠጣ መራራ ንጥረ ነገርና ቀለም ተጨምሮበት፣ በታክስ ረገድ ከአረቄና ከመጠጥ አልኮል ጋር በአንድ ዓይን እንዳይታይ ከገንዘብ ሚኒስቴር ጋር መስማማትም ያስፈልጋል። የሞላሰሱ ዋጋም ግልጽ ቀመር ይፈልጋል፤ የከብት መኖ አቅራቢውና የመጠጥ ፋብሪካው የሚፎካከሩበት ጥሬ ዕቃ ስለሆነ ያለ ቀመር የተያዘ ድርሻ በወረቀት ላይ ይቀራል።

አንድ ነገር ግን ሳይታለፍ መነሳት አለበት። እያንዳንዱ ሊትር ኤታኖል ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ሊትር የሚደርስ ቪናስ የተባለ ጥቁር ቡናማ፣ አሲዳማ ዝቃጭ ፈሳሽ ያስከትላል። ይህ እንደ ወረደ ወንዝ ውስጥ ቢገባ በውሃው ያለውን ኦክስጅን አሟጦ ዓሣውን ይፈጃል፤ የአዋሽን ውሃ ከታች የሚጠጣ አርብቶ አደርም አለ። ያው ፈሳሽ በተዘጋ ጋን ውስጥ አየር በማያሻቸው ባክቴሪያዎች ቢብላላ ሚቴን ጋዝ ይሰጣል፤ ጋዙ ለቦይለር ሲውል ቀሪው ተመጥኖ አገዳውን ያዳብራል። በኦሞ ኩራዝም ሆነ በጣና በለስ ወደፊት ለሚተከል ማንኛውም የኤታኖል ፋብሪካ ይህ ማብላያ የፈቃዱ ቅድመ ሁኔታ ካልሆነ፣ ንጹሕ ነዳጅ እያልን ወንዝ እናበላሻለን።

የአገዳ ፈጨታው በክረምት ለጥገና ይቆማል። በዚያ ፋታ ውስጥ ሚኒስቴሩ በየፋብሪካው ጋን ውስጥ ያለውን የሞላሰስ ክምችትና ያለፈው ዓመት ኤታኖል ለማን ምን ያህል እንደተሸጠ ለሕዝብ ይፋ እንዲያደርግ፣ የማብሰያው ድርሻም ፈጨታው ዳግም ከመጀመሩ በፊት እንዲወሰን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የኬሚካል መሐንዲስ
አዲስ አበባ