መጀመሪያ መርከቡ የት እንደሚቆም ጠይቁ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ሰሞኑን ስለ ዳኑብ ወንዝ የመርከብ ሽርሽር ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ደስ ይላል። ፎቶዎቹም ያምራሉ። ግን የሰው ኪስ የሚራቆትበትን ክፍል ዘሎታል። ትኬቱ ከተቆረጠ በኋላ የሚመጣውን ማለቴ ነው። በየከተማው በተጨማሪ ክፍያ የሚሸጠው ጉብኝት አለ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያ ወደ መርከቡ መሄጃው አለ፣ በመጨረሻው ቀን ደግሞ ከመርከቡ ወደሚቀጥለው ቦታ የሚወስደው መኪና አለ።

እኔ ቪየና ነው የምኖረው። ከአሜሪካ የሚመጡ ዘመዶች፣ የዘመድ ጓደኞች፣ አንዳንዴም ጭራሽ የማላውቃቸው የሰፈር ሰዎች በዚሁ ወንዝ ሲያልፉ ስልኬ ይጮኻል። ጡረታ የወጣ ወላጅን በመርከብ ማዝናናት እዚያ ማዶ ፋሽን ሆኗል መሰለኝ፤ ጥሩ ፋሽን ነው፣ አልቃወምም። ሁሉም የሚጠይቁኝ ታዲያ አንድ ነገር ነው። «የትኛውን ጉብኝት ልግዛ?» እኔም መልሼ የምጠይቃቸው ሁሌ አንድ ነው። መርከባችሁ የሚቆመው የት ነው? ብዙዎቹ አያውቁም።

የከተማው ስም ብሮሹሩ ላይ ስለተጻፈ መርከቡ ከተማው መሀል ይቆማል ማለት አይደለም። ቡካሬስት ዳኑብ ላይ አይደለችም። መርከቡ የሚያደርሳችሁ ጁርጁ ከምትባል ወደብ ነው፤ ከዚያ 60 ኪሎ ሜትር ያህል በአውቶቡስ ነው። ኑረንበርግም መርከቦቹ የሚቆሙት ከአሮጌው ከተማ ርቆ የመርከብ ቦዩ ወደብ ላይ ነው። ፓሳው ተብሎ ተሽጦ ፊልስሆፈን የምትባል ትንሽ ከተማ ላይ የሚያሳፍርም አለ። በራይን ወንዝ በኩል ደግሞ የፈረንሳይዋ ስትራስቡርግ ብሎ ድንበሩን ተሻግሮ ጀርመን ውስጥ ኬል ላይ የሚያቆም ታገኛላችሁ፤ ደግነቱ ከ2017 ጀምሮ ሁለቱን ከተሞች ትራም ያገናኛቸዋል (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ ነው)። ሃይደልበርግ ራይን ላይ ጭራሽ የለችም፣ ኔካር የሚባል ሌላ ወንዝ ላይ ናት። ብራቲስላቫና ቡዳፔስት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከመርከቡ ስትወርዱ ከተማው ውስጥ ናችሁ።

ስለዚህ ገንዘባችሁን ሩቅ ለሆነው ቦታ አስቀምጡት። ቅርብ ለሆነው እግር ይበቃል።

የቪየናን ላስረዳ፣ የማውቃት እሷን ነውና። አብዛኞቹ መርከቦች የሚቆሙት ራይክስብሩከ የሚባለው ትልቁ ድልድይ አጠገብ ነው። ከዚያ ጥቂት ደቂቃ በእግር ስትሄዱ ፎርጋርተንሽትራሰ የሚባል የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ አለ። ቀዩ መስመር ነው፣ ዩ1። አራተኛው ፌርማታ ላይ ስትወርዱ የቅዱስ እስጢፋኖስ ካቴድራል ፊት ለፊት ናችሁ። አሥር ደቂቃ አይፈጅም፣ ትኬቱም 3 ዩሮ ገደማ ነው። ይህንኑ መንገድ «የቪየና ፓኖራማ ጉብኝት» ብለው በአውቶቡስ ያዞሯችኋል፤ ሰውየው በማይክሮፎን «በግራችሁ ኦፔራው፣ በቀኛችሁ ቤተ መንግሥቱ» ሲል አንገታችሁን ሳታዞሩ ሕንጻው አልፏል። አንዳንድ መርከቦች ኑስዶርፍ በሚባለው የከተማው ጫፍ ይቆማሉ፤ ከዚያም ቢሆን ዲ ቁጥር ትራም መሀል ከተማ ያደርሳል።

ሾንብሩን የሚባለውን ቤተ መንግሥት ማየት የሚፈልግ ካርልስፕላትስ ላይ ከዩ1 ወደ ዩ4 ይቀይርና በቤተ መንግሥቱ ስም የተሰየመው ጣቢያ ላይ ይወርዳል። ዋናው ነገር ትኬቱ ነው። የመግቢያ ሰዓት ያለበት ትኬት ስለሆነ በበጋ ሄዶ በር ላይ መግዛት ቀንን መብላት ነው። ከቤት ሳትወጡ በኢንተርኔት ግዙት። ካልገዛችሁ ያኔ የመርከቡን ጉብኝት ውሰዱ፣ የእነሱ መግቢያ ቀድሞ የተያዘ ነው። ማታ የሚሸጡት የሞዛርት ኮንሰርት ለእኔ ብዙም አይደለም፣ ለቱሪስት የተቀመመ ነው። እውነተኛውን ኦፔራ የፈለገ የመንግሥት ኦፔራው ቆሞ ማያ ትኬት በርካሽ ይሸጣል። ሐምሌና ነሐሴ ግን ዝግ ነው፣ እግራችሁም መቆም መቻል አለበት። አንድ ሌላ ነገር፦ እሁድ ቪየና የምትደርሱ ከሆነ ሱቅ የሚባል ነገር ዝግ ነው። ለልጅ ልጆች ልብስ ልግዛ ብላችሁ ቀኑን አታቅዱ።

የመርከቡን ጉብኝት ሁሉ ማጣጣሌ አይደለም። ብዙ ኩባንያዎች በየከተማው አንድ የእግር ጉብኝት በትኬቱ ዋጋ ውስጥ ያካትታሉ። እሱን ውሰዱት፤ ጠዋት ከአስጎብኚው ጋር አንድ ሁለት ሰዓት ሂዱና መንገዱን ስትለምዱ «እኔ ከዚህ ራሴን ችዬ እመለሳለሁ» ብሎ መሰናበት ይቻላል። ሹልክ ብላችሁ እንዳትጠፉ ብቻ፣ ንገሩት፤ ሃምሳ ሰው ቆሞ ይፈልጋችኋል። ለአስጎብኚነት እዚህ አገር ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ስለዚህ ሰዎቹ ነገሩን ያውቁታል። ጆሮ ላይ የሚሰካ መስሚያ ስለሚሰጧችሁ ወደኋላ ብትቀሩም ድምፁ ይደርሳችኋል። እናትና አባት ይዛችሁ ከሆነ ደግሞ «ቀስ ብሎ የሚሄደው ቡድን የቱ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። አብዛኛው መርከብ ላይ አለ፣ ሳይጠየቁ ግን ሁሌ አይናገሩም። የእነዚህ አሮጌ ከተሞች መንገድ ድንጋይ ንጣፍ ነው፣ ጉልበት አይወድም።

ገንዘብ የሚያወጣው ሩቁ ጉብኝት ነው ብያለሁ። ምሳሌ ልስጥ። ከኦስትሪያዋ ሊንዝ ቼክ ሪፐብሊክ ውስጥ ወዳለችው ቼስኪ ክሩምሎቭ የሚደረገው ጉብኝት በአውቶቡስ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነው። በባቡር ልሂድ ብትሉ መቀያየሩ ያደክማችኋል። እሱን ግዙት። ሳልዝቡርግ ትንሽ ይለያል። ከሊንዝ ሳልዝቡርግ በፈጣን ባቡር ከአንድ ሰዓት ትንሽ ይበልጣል፣ ቀላል ነው። ግን እዚህ ላይ ወጥመድ አለ። ብዙ ጊዜ አውቶቡሱ ጠዋት ከፓሳው ይነሳና ማታ ሊንዝ ላይ ከመርከቡ ጋር ይገናኛል። መርከቡ ቀኑን ሙሉ ሲጓዝ ነው የሚውለው። በራሳችሁ የወጣችሁ ከሆነ ማታ ወደ ጠዋቱ ቦታ ብትመለሱ የምታገኙት ውሃውን ነው። መርከቡ ራሱ የሸጠው ጉብኝት ላይ ሆናችሁ ብትዘገዩ ይጠብቃችኋል፤ በራሳችሁ ወጥታችሁ ብትዘገዩ ግን ይሄዳል፣ ቀጣዩ ከተማ ድረስ መድረሱ የእናንተ ዕዳ ነው። ስለዚህ የመነሻ ሰዓቱን ብቻ ሳይሆን መርከቡ ከየት እንደሚነሳም ጠይቁ።

መርከቦቹ ሲበዙ ጎን ለጎን ይታሰራሉ። አምና አንዲት የእናቴ የአክስት ልጅ ልቀበላቸው ወደቡ ላይ ቆሜ ሳይ ከሌላ መርከብ በር ሲወጡ ግራ ገባኝ። «ልጄ፣ የሰው ሳሎን ለሳሎን እያቋረጥኩ ነው የመጣሁት፤ አንዷማ ቡና ልታጠጣኝ ነበር» አሉኝ እየሳቁ። እውነታቸውን ነው፣ ሦስተኛው ላይ የታሰረ ሰው በሁለት መርከብ ሪሴፕሽን አልፎ ነው ወደ ምድር የሚወርደው። ማታ ስትመለሱ ቅደም ተከተሉ ተቀይሮ ወይም መርከባችሁ ሌላ መቆሚያ ሄዶ ሊሆን ይችላል። ስትወጡ የመቆሚያውን ቁጥር በስልክ ፎቶ አንሱት፣ የመርከቡ ስልክ ያለበትን ካርድም ያዙ።

ዋካው ሸለቆ ውስጥ ያሉት ሁለቱ ቦታዎች፣ ሜልክና ዱርንሽታይን፣ ለየብቻ ናቸው። ሜልክ ገዳሙ ነው ቁም ነገሩ። በ1089 የተመሠረተ የቤኔዲክት መነኮሳት ገዳም ነው፣ ቤተ መጻሕፍቱን ያየ አይረሳውም። ከወደቡ ሩብ ሰዓት ገደማ የሚያስኬድ ዳገት አለው፤ ጉልበት ለሚያመው አውቶቡሱን መውሰድ ብልህነት ነው። ዱርንሽታይን ግን ምንም አትግዙ። ከተማዋ በሙሉ አንድ መንገድ ናት። ከላይ ያለው ፍርስራሽ የእንግሊዙ ንጉሥ ሪቻርድ ከመስቀል ጦርነት ሲመለስ በ1192 ተይዞ የታሰረበት ቤተ መንግሥት ነው፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ወደ ላይ መውጣት ነው፣ እይታው ድካሙን ይክሳል። ብስክሌት የሚችል ሰው ደግሞ መርከቡ ብስክሌት እንዳለው ይጠይቅ። የወንዙ ዳር መንገድ ሜዳ ነው፣ በወይንና በአፕሪኮት ማሳ መሀል ያልፋል። ከሚሸጡት ጉብኝቶች ሁሉ ይኸኛውን እመርጣለሁ።

ቡዳፔስት ላይ በዩሮ ሳይሆን በፎሪንት እንደሚገበያዩ አስታውሱ። የፓርላማው ሕንጻ ውስጥ መግባት የሚፈልግ እንደ ሾንብሩን ቀድሞ ትኬት ይግዛ፣ ቶሎ ያልቃል። ሴቼኒ ፍል ውሃ ለመሄድ ቢጫው የምድር ባቡር አለ። በ1896 የተከፈተ፣ በዋናው አውሮፓ ምድር የመጀመሪያው ነው፤ መሳፈሩ ራሱ ጉብኝት ነው።

አሁን ወደ መጨረሻው ቀን። ጠዋት ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ክፍሉን ልቀቁ ይሏችኋል። በረራችሁ ማታ ነው። ኩባንያው ትራንስፈር የሚለው መኪና ብዙ ጊዜ ነጻ የሚሆነው የአውሮፕላን ትኬቱንም ከእነሱ ለገዛ ነው፣ ለሌላው በዋጋ ነው፣ ለአንድ ሰው ሲሰላ ያስደነግጣል። ቡዳፔስት ላይ ከዴያክ አደባባይ 100ኢ የሚባለው አውቶቡስ በቀጥታ አውሮፕላን ማረፊያው ያደርሳችኋል፤ የራሱ ትኬት አለው፣ ተራው የከተማ ትኬት አይሠራበትም። ሦስት አራት ሻንጣ ያለው ሰው ግን በስልክ ቦልት የሚባለውን ታክሲ ቢጠራ ይሻለዋል። ቪየና ላይ ከቪን ሚተ ጣቢያ አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ ኤስ7 ባቡር 25 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። አረንጓዴው ፈጣን ባቡር በ16 ደቂቃ ያደርሳል፣ ዋጋው ግን ሦስት እጥፍ ገደማ ነው። ለዘጠኝ ደቂቃ ይህን ያህል መክፈል ለእኔ አይገባኝም። ከቡዳፔስት ቪየና ደግሞ ባቡሩ 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ያህል ነው። አዲስ አበባ የሚሄዱ ከቪየና የኢትዮጵያ አየር መንገድ አለላቸው፣ ስለዚህ ጉዞውን ቡዳፔስት ላይ የጨረሰ ሰውም በባቡር ወደዚህ መምጣት ይችላል።

ብቻ የመጨረሻውን ቀን በማይቀየር ትኬት አትሰሩት። ወንዝ ነው። በ2018 መኸርና በ2022 በጋ ውሃው ወርዶ ራይን ላይ መርከቦች እንደልብ መሄድ አቅቷቸው ነበር። በመስከረም 2024 ደግሞ በተገላቢጦሽ ዳኑብ ሞልቶ እዚህ ቪየና መርከቦች ታግተው ቀርተዋል። እንዲህ ሲሆን መንገደኛውን በአውቶቡስ ሌላ መርከብ ላይ ያዛውሩታል፣ ወይም ጉዞው ሌላ ከተማ ላይ ያልቃል። ርካሹ የኦስትሪያ ባቡር ትኬት ገንዘቡ አይመለስም፣ ከተገዛለት ባቡር ውጭም አያሳፍርም። ለዚያ ቀን ጥቂት ጨምራችሁ የሚቀየረውን ግዙ። ከተቻለ አንድ ሌሊት ሆቴል እደሩና በማግስቱ ብረሩ።

በፍልሰታ የምትመጡ ደግሞ ጾመኛ መሆናችሁን ለኩባንያው ከወር በፊት ጻፉለት። ወጥ ቤቱ ያለ ወተትና እንቁላል ይሠራል፣ ግን ዕቃ የሚጭነው አስቀድሞ ነው።

ጽሑፋችሁ ሳይነካው ያለፈው ትልቁ ነገር ቪዛ ነው። የአሜሪካ ፓስፖርት ያለው ልጅ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያላትን እናቱን ይዞ ይመጣል፤ ለሁለቱ ሕጉ አንድ አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በሚያዝያ 2024 ለኢትዮጵያውያን ብዙ ጊዜ የሚያስገባ የሼንገን ቪዛ እንዳይሰጥ ወሰነ፣ የማመልከቻውንም ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን አራዘመው። ከፓሳው ቡዳፔስት ያለው ጉዞ ሁሉም ሼንገን ውስጥ ስለሆነ ችግር የለውም። ከቡዳፔስት ወደ ታች፣ ወደ ጥቁር ባሕር አቅጣጫ የሚወርደው ግን ቤልግሬድ ይገባል። ሰርቢያ ሼንገን ውስጥ የለችም። ከዚያ ቀጥሎ ያሉት ቡልጋሪያና ሮማኒያ ደግሞ ከጥር 2025 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ገብተዋል። እንግዲህ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ ይዛችሁ ሰርቢያ ከወጣችሁ በኋላ መመለሻው ምንድን ነው? ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ቪዛው ስንት ጊዜ እንደሚያስገባ አንብቡ። የጉዞ ወኪሉ «ችግር የለም» ካላችሁ በጽሑፍ ይስጣችሁ።

አንባቢያችሁ፣
ከቪየና