የሞተ ልጅ ክንዱ አይለካም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። በችግር ጊዜ ስለሚራቡ ሕፃናት የምታወጧቸውን ዜናዎች ሳነብ አንድ ነገር ሁሌ ይከነክነኛል። “የምግብ እጥረት ያለባቸው ሕፃናት ቀነሱ” ትላላችሁ። ስንቶቹ ሞቱ የሚለው ግን የለም።

እኔ ልኬቱ ላይ ሠርቻለሁ። ከ6 እስከ 59 ወር ያለ ልጅ ግራ ክንዱ፣ ከትከሻውና ከክርኑ እኩል መሃል ላይ፣ ዙሪያው በጥብጣብ ይለካል። ከ125 ሚሊ ሜትር ካነሰ ልጁ ተጎድቷል። ከ115 ካነሰ ጥብጣቡ ቀዩን ያሳያል፤ ሕክምናው ለነገ አይባልም። ከዚያ ሁለቱንም እግሮቹን በአውራ ጣት ለ3 ሰከንድ ያህል ጫን ማድረግ ነው። ጣታችሁን ስታነሱ ጉድጓዱ እዚያው ከቀረ ውኃ የቋጠረ እብጠት ነው። የሚመዝነው ውኃው ስለሆነ ክብደቱ ደህና ሊመስል ይችላል፤ እናትም ወፈረልኝ ብላ ልትደሰት ትችላለች። አንጀት ይበላል።

እንግዲህ አስቡት፣ ጥብጣቡ የሚለካው በሕይወት ያለውን ብቻ ነው። ዛሬ 100 ልጆች ለክተን 20ው ተጎድተው አገኘን እንበል። በወሩ ከእነዚያ 10ሩ ቢሞቱ፣ የተረፉት አንዲት ጉርሻ እንኳ ሳይጨመርላቸው፣ 20 በመቶው ወደ 11 በመቶ ወረደ ይባላል። ወረቀቱ ላይ መሻሻል ነው!

ለዚህ ነው ቤት ለቤት እየዞርን ባለፉት ሦስት ወራት ገደማ ማን ነበረ፣ ማን ተወለደ፣ ማን ሄደ፣ ማን ሞተ ብለን የምንጠይቀው። ከ5 ዓመት በታች ካሉ 10,000 ሕፃናት በቀን 2 ከሞቱ አስቸኳይ አደጋ ነው። ጠይቀን የምናገኘው የሞት ቁጥርም ሙሉ አይደለም። ተወልዶ በሳምንቱ ያለፈ ሕፃን ብዙ ጊዜ ሳይነገር ይቀራል፣ ሁሉም ባለቁበት ቤት ደግሞ መልስ የሚሰጥ ሰው የለም።

ሌላው፣ የተራበ ልጅ ብዙውን ጊዜ የሚሞተው በኩፍኝ፣ በተቅማጥ ወይም በሳንባ ምች ነው፤ አቅሙ ስላለቀ የሌላው ልጅ ሰውነት የሚቋቋመው በሽታ እሱን ይገድለዋል። ስለዚህ “በረሃብ የሞተ የለም” የሚል መግለጫ ሲመጣላችሁ ሳትጠይቁ አታትሙት።

እባካችሁ፣ ቁጥር ስታወጡ መቼ እንደተለካ፣ የክንድ ልኬት ይሁን የክብደት ለቁመት (ክብደቱ ከቁመቱ ጋር ሲነጻጸር)፣ ከጎኑም የሞቱን መጠን ጻፉልን። የሞቱ መጠን ከሌለም “ሞት አልተቆጠረም” በሉ።

አንባቢያችሁ