ነቅንቀሽ ጠጪው

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ ደህና ነን። አባትሽም ጉልበቱን ከማማረር በቀር ምንም አልሆነም።

አልጋሽ ሥር ካርቶን ውስጥ ትተሻቸው ከሄድሻቸው መጻሕፍት አንዱን አነሣሁ። የአጋታ ክሪስቲን የመጀመሪያውን፣ ያን በስታይልስ ቤት ግድያ የሚፈጸምበትን። ለማትሪክ ስታጠኚ ደብተርሽ ውስጥ ሸጉጠሽ ስታነቢው ይዤሽ የጮህኩብሽ ይኼው ነው መሰለኝ። በይ ይቅር በይኝ። በሁለት ሌሊት ጨረስኩት።

ሴትዮዋ ለካ የሙያ ባልደረባዬ ኖራለች! በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቶርኪ በምትባለው የትውልድ ከተማዋ መጀመሪያ አስታማሚ ነበረች፤ ኋላ የሆስፒታሉ መድኃኒት ክፍል ገባች። መጽሐፉን የጻፈችውም ያኔ ነው። አሳታሚዎች እየመለሱባት የወጣው በ1920 እ.ኤ.አ. ነው።

መርዙን እንዴት እንደሠራችው ልብ ብለሻል? አሮጊቷ በምትወስደው ቶኒክ ውስጥ ጥቂት ስትሪክኒን አለ፤ በዚያ ዘመን ለብርታት ይታዘዝ ነበር። ብሮማይድ የሚባለው ማረጋጊያ ሲጨመርበት ስትሪክኒኑ ይዘቅጥና ጠርሙሱ ሥር ይተኛል። የመጨረሻዋን ጉንጭ የጠጣ አለቀለት። እኔ እኮ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዚያች የመድኃኒት ቤት ጠባብ መስኮት «እናቴ፣ ነቅንቀሽ ጠጪው» ስል የኖርኩት ወድጄ አልነበረም።

ገዳዩን ግን ሳትኩ። ስለ መርዝ የተማረውን ዶክተር ነው ከመጀመሪያው የጠረጠርኩት። ሲንቲያ መድኃኒት ቤት ስለምትሠራ፣ «እሷ ከሆነች መጽሐፉን በመስኮት ነው የምወረውረው» ብዬ ለአባትሽ ዝቼ ነበር። መርማሪው ፖይሮ ግን ሁላችንንም ሸወደን።

ስለ ራሷ ሕይወት በጻፈችው ላይ ደግሞ አንድ ነገር አገኘሁ። ስትማር ያስተማራት ፋርማሲስት በመቀመጫ የሚሰጥ መድኃኒት ሲያዘጋጅ የመጠኑን የአሥርዮሽ ነጥብ ያለቦታዋ ያስቀምጣል። እሷ አየች። ትልቅ ሰው ነው፣ እንዴት ትናገረው? የተደናቀፈች መስላ መድኃኒቱን መሬት ላይ ደፋችውና ረገጠችው! ብቻዬን ሳቅሁ። እኔም አንዴ የአለቃዬን ስህተት አይቼ ነበር። ብልሃቱ አልመጣልኝም፤ በሰው ፊት ተናገርኩትና አንድ ወር ተኮረፍኩ።

አሁን ሌላውን መጽሐፏን፣ የሮጀር አክሮይድን ጀምሬያለሁ። የሚተርከው የመንደሩ ሐኪም ነው፤ ረጋ ያለ፣ ጨዋ ሰው። ካለፈው ስህተቴ ተምሬ ሐኪም መጠርጠር ትቻለሁ። እሁድ ስትደውዪ አንዲት ቃል ትንፍሽ እንዳትዪ።

እናትሽ