ለልጄ፣ ስለ ጉርጡ ፎቶ

ልጄ እንደምን ከረምክ? እኛ ደህና ነን እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዳንግላ ዝናቡ ጀምሯል፣ ጭቃው ከአሁኑ አስመርሮናል። የላክልኝን የጉርጥ ፎቶ አየሁት። እውነቱን ልንገርህ አይደል? አይኑ ጥርት ብሎ ወጥቷል፣ ቆዳውም ቆንጆ ነው፣ ግን እየጮኸ አይደለም፣ ጉሮሮው ልጥፍ ብሏል። ባትሪ አብርተህበት ደንግጦ ቁጭ ያለ ጉርጥ ነው ያነሳኸው፣ እሱንማ በቀንም ድንጋይ ገልበጥ ብታደርግ ታገኘዋለህ። ሲጮህ ማንሳት ከፈለግክ ካሜራውን ለጊዜው ተወውና መጀመሪያ ስማ።

የሚጮኸው ወንዱ ነው፣ ሴቷን ሊጠራ። ሲጮህ ደሞ አፉን አይከፍትም፣ ተማሪዎቼ በየዓመቱ በዚህ ይከራከሩኛል። አፉንም አፍንጫውንም ዘግቶ አየሩን ከሳንባው ወደ ጉሮሮው ከረጢት ይገፋዋል፣ ከረጢቱ እንደ ማስቲካ ይነፋል፣ ከዛ አየሩ ተመልሶ ሳንባው ይገባል፣ እንደገና። ጎኑን እየው፣ ጎኑ ጭምቅ ሲል ነው ከረጢቱ የሚሞላው፣ ስለዚህ ጎኑ ሲጨመቅ ተጫን፣ ድምፁን ሰምተህ ከተጫንክ ብዙ ጊዜ ያልፍሃል። የአጯጯሁን ምት ጆሮህ ከለመደው ጣትህ ራሱ ያውቀዋል።

አንድ ነገር ልብ በል፣ ጉርጥ ከረጢቱ አንድ ነው፣ አገጩ ስር፣ እሱን ከጎን ነው የምታነሳው። እነዛ ሜዳ ላይ የሚዘሉት አፈ ሹል ቀጫጭን የሳር እንቁራሪቶች ግን፣ ፕቲካዴና የሚባሉት፣ ሁለት ከረጢት ነው ያላቸው፣ ከመንጋጋቸው ኋላ ግራና ቀኝ ነው የሚወጣው። ከጎን ካነሳሃቸው አንዱን ብቻ ታገኛለህ፣ ከፊት ለፊት መሬት ላይ በሆድህ ተኝተህ ነው። እኔ ማዳበሪያ ዘርግቼ ነው የምተኛው፣ ልብስህን እንዳታስብለት።

ጨፌው ጋ ስትደርስ ሁሉም ጭጭ ይላሉ፣ እርምጃህ መሬቱን ሲያነቃንቀው ይሰማቸዋል። አትሩጥ ከአንዱ ወደ አንዱም አትዝለል፣ ቁጭ በል፣ ባትሪህን አጥፋ፣ ስልክህንም ኪስህ ክተት። መጀመሪያ ከሩቅ አንዱ ይጀምራል፣ ከዛ ጎረቤቱ ይመልሳል፣ ከዛ አጠገብህ ያለው መቻል ያቅተዋል። ያኔ ቀይ ወይ ደብዘዝ ያለ መብራት አብራና በእጅህ ፎከስ አርግ፣ ኦቶፎከስ በጨለማ ይዋልላል፣ ሌንሱን ከማዞር ራስህን ትንሽ ወደፊት ወደኋላ ማለት ይሻላል፣ አይኑ ላይ ነው ፎከሱ። ሸተር (የመዝጊያው ፍጥነት) 1/200፣ ኤፍ (የሌንሱ ቀዳዳ) 11፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 400 አድርገህ ጀምር፣ በዚህ ያለ ፍላሽ ብትሞክረው ጥቁር ብቻ ነው የሚወጣልህ፣ ማለትም ፎቶውን የሚሰራልህ የፍላሹ ብልጭታ ነው፣ እንቅስቃሴውን የሚያቆመውም እሱ። ቆዳቸው እርጥብ ስለሆነ ብርሃን ይመልሳል፣ ያንተ ጉርጥ ጀርባው ላይ ነጭ ነጭ የሆነው ለዛ ነው፣ ፍላሹ ላይ ነጭ ፌስታል ደርበህ እሰርበት፣ ውድ ነገር መግዛት አያስፈልግህም። ሁለት ሦስቴ ካነሳህ በቃህ፣ ተወው፣ እሱም ሥራ ላይ ነው።

በእጅህ እንዳትነካካቸው። የሚጠጡት በቆዳቸው ነው፣ የሚተነፍሱትም በከፊል፣ እጅህ ላይ ያለው የወባ ትንኝ መከላከያ ቅባት ምናምን በቀጥታ ይገባባቸዋል። ጉርጡ ደሞ ከአይኑ ኋላ ያለው እብጠት መርዝ አለው፣ ነክተህ አይንህን ካሸህ ታለቅሳለህ። ከአንዱ ረግረግ ወደ ሌላው ስትሄድም ቦትህን እጠበውና አድርቀው፣ በየአገሩ እንቁራሪት የጨረሰ ፈንገስ አለ፣ እኛም አገር ተገኝቷል፣ ጭቃ ላይ ተሳፍሮ ነው የሚሄደው።

ድምፁንም በስልክህ ቅዳ፣ ቦታውንና ቀኑን ጻፍበት። ኢትዮጵያ ውስጥ ከ70 በላይ የእንቁራሪትና የጉርጥ ዝርያ አለ፣ ብዙዎቹ ከኛ ውጭ የትም የሉም፣ እና እነዛ የደጋ ፕቲካዴናዎች ድሮ አንድ ናቸው የተባሉት በዲኤንኤ ሲታዩ ብዙ ዝርያ ሆነው ነው የተገኙት። በመልክ ብቻ ብዙ ጊዜ አይለዩም፣ አጯጯሃቸው ግን ይረዳል። ስለዚህ ድምፅ የሌለው ፎቶ ለኔ ግማሽ ነው፣ አትቀየመኝ።

እዚህ ሰፈር ወሬው ሌላ ነው። መምህሯ ማታ ማታ ጨፌ ለጨፌ ጉርጥ ፍለጋ ትዞራለች ሲባል ሰው ምን እንደሚያስብ አንተ ታውቃለህ፣ ጎጃም ነው ያለነው፣ ደብተራ ጠይቃ ነው ያሉም አሉ አሉ፣ መተት ልትሰራ። ጎረቤታችንማ ጭራሽ ቡና ላይ ገልመጥ አርጋኝ ለማን ነው አለችኝ። ካሜራዬን አውጥቼ አንዱን ከረጢቱን ነፍቶ ሲያንቋርር አሳየኋት፣ አይታ አይታ «ዝሆን አክላለሁ ያለችው ይቺ ናት በይኛ» ብላ ሳቀች፣ አሁን እሷው ናት በዝናብ ማግስት ከጓሮዋ ጮኹ እያለች የምትጠራኝ።

ለእንቁጣጣሽ እመጣለሁ ያልከውን ተወውና በሐምሌ ና፣ ጩኸቱ የሚደምቀው ዝናቡ ሜዳው ላይ ሲተኛ ነው። ትርፍ ባትሪ ያዝ፣ ቦት እዚህ አለ፣ ያንተ ቁጥር ባይሆንም በሁለት ካልሲ ይሆናል፣ አልቅት ስላለ በባዶ እግር አትገባም። ለብቻችን አንወጣም፣ ጅቡ በዝቷል፣ አጎትህ ዱላውን ይዞ አብሮን ይሄዳል፣ ግን የበሬዬን ፎቶ ካነሳልኝ ብቻ ነው ብሏል፣ እሱንም በቀን ነው የሚፈልገው፣ ታጥቦ።

እናትህ